መኪናው ዘገየ ወይስ ተዘረፈ? የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግስ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገር

ባለፈው የቡና ወቅት ከጅማ ቡና ወደ ውጭ የሚልኩ አንድ ሐጂ ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ሌላው የዚያው ደብዳቤ የፈረንሳይኛ ትርጉም። ደብዳቤው የሚሄደው ፈረንሳይ አገር፣ ለ አቭር ወደብ ላይ ላለ ቡና ገዢ ስለ ነበር ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ እንዳየው ፈልገዋል። እንግሊዝኛው «አወር ትራክ ዋዝ ሄልድ አፕ አት ጊቤ» ይላል። ጊቤ በረሃ ላይ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪናችን ሁለት ቀን ቆመ ማለታቸው ነው። ፈረንሳይኛው ግን መኪናውን «ብራኬ» አደረጉት ይላል። «ብራኬ» መሣሪያ ደግኖ መዝረፍ ነው።

ሐጂ ፈረንሳይኛ አያውቁም። ነገሩን በአማርኛ ስነግራቸው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ልጄ፣ ዘራፊ ከየት መጣ? ጭቃ ነው እንጂ» አሉኝ።

ገዢው ያን ወረቀት ቢያነብ ኖሮ ቡናው ጠፋ ብሎ ለመድን ድርጅቱ ይጽፍ ነበር፤ ወይም ሌላ ሻጭ ይፈልግ ነበር። ተርጓሚው ግን ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም። «ሆልድ አፕ» በእንግሊዝኛ ማዘግየትም ነው፣ አስገድዶ መዝረፍም ነው። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም አስቀምጦለታል፤ እሱም ከሁለቱ አንዱን አነሣ። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ስተረጉም፣ ማታ ማታም ለጥቂት ተማሪዎች ፈረንሳይኛ ሳስተምር፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስድብኝ ይህ ዓይነቱ ግስ ነው። ጉዳዩ ለጅማ ሰው ሩቅ አይደለም። ቡናችን የሚወጣው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ደግሞ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ብዙ ቡና ነጋዴዎች የሚቀመጡባት የስዊዘርላንዷ ጄኔቭም የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነው። እኛ የምንጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ተማሪዎቼ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚሉት ይህ ነገር ሐረጋዊ ግስ ነው። አንድ ተራ ግስ ይወሰድና ከኋላው አንዲት አጭር ቃል ትከተላለች፤ «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «አዌይ» ወይም ሌላ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ሲደመሩ የሚሰጡት ትርጉም ግልጽ ነው፤ «ጎ አውት» ሄደና ወደ ውጭ፣ ማለትም ወጣ። ሌላ ጊዜ ግን ድምሩ ከሁለቱም የለም። «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። መስጠትም የለበትም፣ ላይም የለበትም።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። «ቁጭ አለ» ስንል ማን ምን አለ? «ብድግ አለ»፣ «እምቢ አለ»፣ «ፈገግ አለ»። ከሁሉ ደግሞ «ዝም አለ»፤ ሰውየው ጭራሽ አፉን አልከፈተም፣ እኛ ግን «አለ» እንላለን። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «አለ»ን ለብቻው አውጥቶ «ተናገረ» ብሎ ቢተረጉመው የሚደርስበትን ስሕተት ወዲያው እናያለን። «ጊቭ አፕ»ን ቆራርጦ የሚተረጉም ሰው የሚሳሳተውም እንደዚሁ ነው። ትንሿ ተጨማሪ ምን ያህል ጉልበት እንዳላት ለማየትም «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። አንዲት ፊደል ናት ሰውየውን ወደ ቤቱ የምትመልሰው ወይም ወህኒ የምታወርደው።

ፈረንሳይኛ በእንግሊዝኛው መንገድ ግስ ላይ ጭራ አይቀጥልም። ስለዚህ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ግስ ይዞ ለጭራው የፈረንሳይኛ አቻ መፈለግ ከጀመረ መንገዱን ገና ከመነሻው ስቷል። እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት ቋንቋዎችን በአንድ ጥያቄ ለያያቸው፤ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ የሄደበትን አቅጣጫ የሚናገረው የትኛው ቃል ነው? መግባትን፣ መውጣትን፣ መውረድን፣ መሻገርን ማለት ነው። እንግሊዝኛ አቅጣጫውን ለትንሿ ቃል ይተውና ግሱን ለአካሄዱ ይሰጣል። «ሂ ራን አውት» ሲል ግሱ ሩጫ ነው፤ መውጣቱን የምትነግረን «አውት» ብቻ ናት። ፈረንሳይኛ ይህን ይገለብጠዋል። ግሱ አቅጣጫውን ይይዛል፣ አካሄዱ በተጨማሪ ቃል ይነገራል፤ «ኢል ኤ ሶርቲ አን ኩራን»። «ሶርቲ» ወጣ፣ «አን ኩራን» እየሮጠ። ታልሚ ሴማዊ ቋንቋዎችንም የመደባቸው ከፈረንሳይኛ ጋር ነው።

እንግዲህ ይህንኑ በአማርኛ እንበለው፤ እየሮጠ ወጣ።

ተማሪዎቼ ይህን መጀመሪያ ሲያዩ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። የፈረንሳይኛው አሠራር የእኛ አሠራር ነው። እንግሊዝኛው «ሂ ስዋም አክሮስ ዘ ሪቨር» ይላል፤ ፈረንሳይኛው «ኢል አ ትራቬርሴ ላ ሪቪዬር አ ላ ናዥ»፤ እኛም «ወንዙን በዋና ተሻገረ»። «ትራቬርሴ» ተሻገረ፣ «አ ላ ናዥ» በዋና። የአዌቱን ወንዝ ዘሎ የተሻገረ ልጅ በእንግሊዝኛ «ጃምፕድ አክሮስ» ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ግን «ትራቬርሴ ደን ቦን»፣ በአንድ ዝላይ ተሻገረ ነው። «ሺ ኪክድ ዘ ዶር ኦፕን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ በቀጥታ ሲመጣ ራስ ያዞራል፤ በሩን ረገጠችው፣ ክፍት። «በሩን በእርግጫ ከፈተችው» ብለን ስናስቀምጠው ግን ፈረንሳይኛው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ «ኤል አ ኡቬር ላ ፖርት ደን ኩ ደ ፒዬ»። ከሁሉ የምወደው «ዘይ ዳንስድ ዘ ናይት አዌይ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው ሌሊቱን በጭፈራ ገፍቶ ያርቀዋል። እኛ «ሲጨፍሩ አደሩ» እንላለን። ፈረንሳይኛውም ሌሊቱን ማሳለፍን ግስ ያደርግና ጭፈራውን ያስከትላል፤ «ኢል ዞን ፓሴ ላ ንዊ አ ዳንሴ»።

ዣን ፖል ቪኔ እና ዣን ዳርቤልኔ እ.ኤ.አ. በ1958 ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ባነጻጸሩበት መጽሐፋቸው ይህን የቦታ መለዋወጥ በሰፊው አስረድተዋል። የትርጉም መምህራን «ሻሴ ክርዋዜ» ይሉታል፤ ሁለት ጨፋሪዎች እየተላለፉ ቦታ የሚለዋወጡበት የጭፈራ ስልት ስም ነው። እንግሊዛዊ ተማሪ ይህን ስልት ጊዜ ወስዶ ይለማመደዋል። የእኛ ተማሪ ግን ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሲሠራበት ኖሯል፤ የጎደለው ያንን እንደ ሀብት ቆጥሮ መጠቀሙ ብቻ ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ ያደጉ ናቸው፤ እዚያም «ፊጌ ባኤ» ሮጦ ወጣ ነው፤ ግሱ መውጣት፣ ሩጫው አጃቢ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ድልድዩ አለ።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ በቀጥታ አትዝለሉ። እንግሊዝኛውን አንብቡ፣ ዝጉት፣ ነገሩን ለቤተሰባችሁ እንደምትነግሩት አድርጋችሁ በአማርኛ ተናገሩት፣ ከዚያ ያንን አማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ መልሱት። በሌላ ቋንቋ በኩል መተርጎም ጉዞውን የሚያረዝም ይመስላል። ብዙ መምህራንም በእንግሊዝኛ እንድናስብ፣ አማርኛን ከክፍል ውጭ እንድንተው ሲመክሩ ኖረዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ በፍጹም አልስማማም። አማርኛው ሐረጋዊ ግሱን ሰብሮ ትርጉሙን ብቻ ያወጣልናል፤ የወጣው ትርጉም ደግሞ ፈረንሳይኛው በሚፈልገው ቅርጽ ተሰናድቶ ይገኛል።

ይህ ጥቅም በእንቅስቃሴ ግሶች ብቻ አያበቃም። እንግሊዝኛ «ሉክ ፎር»፣ «ዌይት ፎር»፣ «ሊስን ቱ»፣ «ሉክ አት» ይላል፤ ግሱን ከተሳቢው ጋር የሚያገናኝ መስተዋድድ ሳይኖር አይሆንለትም። በእንግሊዝኛ ብቻ ያሰበ ተማሪ ፈረንሳይኛውም ውስጥ «ፑር» የምትል መስተዋድድ ይሰካል፤ ስሕተት ነው። «ሼርሼ»፣ «አታንድር»፣ «ኤኩቴ»፣ «ረጋርዴ» ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይወስዳሉ። እኛም እኮ መኪናውን ፈለግን፣ መኪናውን ጠበቅን፣ ሬዲዮውን አዳመጥን፣ መንገዱን ተመለከትን ነው የምንለው። ጠቅላላ ሕግ ግን አይደለም። «ፔይ ፎር ዘ ኮፊ» በፈረንሳይኛ «ፔዬ ለ ካፌ» ነው፣ ቡናውን በቀጥታ፤ አማርኛው ግን «ለቡናው ከፈለ» ስለሚል እዚህ ላይ ከፈረንሳይኛ ይልቅ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እሱ ከዚህ የከፋ ነው። አማርኛ «ወጣ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። «ጅሬን ወጣ» ስንል የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ ወደ ላይ ሄደ ማለታችን ነው። «ከጅሬን ወጣ» ስንል ደግሞ ቦታውን ለቅቆ ሄደ። ፈረንሳይኛ ሁለቱን አይቀላቅልም፤ የመጀመሪያው «ሞንቴ» ነው፣ ሁለተኛው «ሶርቲር»። በአማርኛ በኩል የመጣ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ የእንግሊዝኛዋን ጭራ እንደገና ማየት አለበት፤ «አፕ» ከሆነች «ሞንቴ»፣ «አውት» ከሆነች «ሶርቲር»። የተናቀችው ትንሽ ቃል እዚህ ባለውለታ ናት።

ግሱ ሲቀየር ረዳት ግሱም ይቀየራል። «ኩሪር»፣ መሮጥ፣ ላለፈ ጊዜ «አቯር»ን ይይዛል፤ «ሶርቲር»፣ «አንትሬ» (መግባት)፣ «ሞንቴ» እና «ዴሳንድር» (መውረድ) ግን ሰውየው ራሱ ሲንቀሳቀስ «ኤትር»ን ይይዛሉ። ጆንያ ሲያወርድ ወይም ደረጃ ሲወርድ፣ ማለትም ግሱ ተሳቢ ሲያገኝ፣ ወደ «አቯር» ይመለሳሉ።

አካሄዱን ሁልጊዜ መጥቀስ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። «ሂ ዎክድ ኢንቱ ዘ ሩም» የሚለውን «እየተራመደ ወደ ክፍሉ ገባ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ጸሐፊ የለም፤ ሰው ወደ ክፍል የሚገባው በእግሩ ነው። ፈረንሳይኛም «ኢል ኤ አንትሬ» ብሎ ያልፈዋል። «ቲፕቶድ ኢን» ከሆነ ግን በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ስለ ገባ፣ ታሪኩም ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ «ሱር ላ ፕዋንት ዴ ፒዬ» የሚለው መቅረት የለበትም። አንባቢው ራሱ የሚገምተው ከሆነ ይውጣ፤ የማይገምተው ከሆነ ይግባ።

እስካሁን ያየናቸው ጭራዎች አቅጣጫ የሚናገሩ ናቸው። አቅጣጫ የማይናገሩም አሉ። «ኢት አፕ» ውስጥ ያለችው «አፕ» ወደ ላይ የምትወስደው ምግብ የለም፤ ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መፈጸሙን ትናገራለች። እኛ ይህን ስሜት የምንገልጽበት ሀብታም መሣሪያ አለን፤ ጥርግ አድርጎ በላ፣ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፣ ልቅም አድርጎ ሰበሰበ። ፈረንሳይኛ እዚህ ላይ ከእኛ ይደኸያል ብዬ አምናለሁ። ለ«ኢት አፕ» «ፊኒር»፣ መጨረስ፣ ይበቃዋል። «ድሪንክ አፕ»ን «ቡዋር ደን ትሬ» ሊለው ይችላል፣ ባንድ ትንፋሽ መጠጣት፤ «ዩዝ አፕ» ደግሞ «ኤፕዊዜ» ነው፣ ማሟጠጥ። «ኦን» በበኩሏ ድርጊቱ መቀጠሉን ትነግረናለች፤ «ሪድ ኦን» ማንበቡን ቀጠለ፣ «ኮንቲንዌ አ ሊር»። በሁለቱም ቋንቋ መቀጠሉ ራሱ ግስ ይሆናል።

«ራን አውት ኦፍ» ለብቻው መታየት ይገባዋል፤ በንግድ ደብዳቤ ውስጥ በየቀኑ ይመጣልና። «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ኮፊ»። እንግሊዝኛው ባለቤቱን «እኛ» ያደርጋል፣ ከቡናው ውስጥ ሮጠን የወጣን ይመስል። እኛ «ቡና አልቆብናል» እንላለን። ባለቤቱ ቡናው ነው፤ እኛ ጉዳቱ የደረሰብን ነን፣ በ«ብን» ውስጥ ተሸሽገን። ፈረንሳይኛ «ኢል ነ ኑ ሬስት ፕሉ ደ ካፌ» ይላል፤ ለእኛ ከእንግዲህ የቀረ ቡና የለም። መሐል ላይ ያለችው «ኑ» የእኛን «ብን» ቦታ ይዛለች። ከእንግሊዝኛው ብቻ የተነሣ ተርጓሚ እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ለመድረስ ሁሉን ነገር ማፍረስ አለበት፤ ከአማርኛው የተነሣ ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል።

አሁን ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር። ከግስ ኋላ የመጣች ትንሽ ቃል ሁሉ የሐረጋዊ ግስ ጭራ አይደለችም። «ሂ ራን አፕ ዘ ሂል» እና «ሂ ራን አፕ ኤ ዴት» ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ኮረብታውን እየሮጠ ወጣ ነው፤ «አፕ» የኮረብታው መስተዋድድ ናት። ሁለተኛው ዕዳ አከማቸ ነው፤ «አፕ» የግሱ አካል ሆናለች፣ ፈረንሳይኛውም «አኩሙሌ» ይላል። የሚለያቸው ፈተና ቀላል ነው። ስሙን በተውላጠ ስም ተኩት። ዕዳው ከሆነ «ራን ኢት አፕ» ይሆናል፣ ተውላጠ ስሟ መሐል ትገባለች። ኮረብታው ከሆነ «ራን አፕ ኢት» ነው፣ መሐል መግባት አትችልም። መሐል መግባት ከቻለች ግሱና ጭራው አንድ ቃል ናቸው፤ በመዝገበ ቃላትም አብረው ይፈለጋሉ።

ግሱና ጭራው እንዲህ ተለያይተው መቀመጥ መቻላቸው ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። «ፑት ዘ ፋየር አውት» ሲል «ፑት» ላይ የቸኮለ አንባቢ እሳት አስቀመጠ ብሎ ይረዳል፤ ማጥፋቱን የሚያውቀው «አውት» ስትመጣ ነው። እኛ ግን ግሱን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መጠበቅ የለመድን ነን። «እሳቱን...» ብሎ የጀመረ ሰው አነደደውም አጠፋውም ሊል ይችላል፤ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ያንኑ ትዕግሥት ወደ እንግሊዝኛው ይዞ መሄድ ነው።

ብዙ መምህራን የሚያስተምሩት ሌላ ዘዴ አለ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ በጥንቃቄ ግን። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ እጅግ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገብተዋል። ስለዚህ ለብዙ ሐረጋዊ ግሶች አጠገባቸው አንድ ቃል ብቻ የሆነ ተመሳሳይ አለ፤ የፈረንሳይኛው ዘመድ እሱ ነው። «ጎ ዳውን» «ዲሴንድ» አለው፣ ፈረንሳይኛው «ዴሳንድር»። «ፋይንድ አውት» «ዲስከቨር» አለው፣ ፈረንሳይኛው «ዴኩቭሪር»። «ፑት አፕ ዊዝ» «ቶለሬት» አለው፣ ፈረንሳይኛው «ቶሌሬ»። የጠፋብንን ቃል ለማስታወስ ጥሩ መንገድ ነው። ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። እንግሊዛዊ እቤቱ «ጎ ዳውን» ይላል፤ «ዲሴንድ»ን ለመጽሐፍ ያስቀምጠዋል። ፈረንሳዊት እናት ግን ልጇን ከዛፍ ላይ «ዴሳን!» ብላ ትጣራለች፤ የእኛ «ውረድ!» ነው። እና «ዴሳንድር» ለጆሮ ከበድ ያለ ስለመሰለው ሌላ ቀለል ያለ ቃል የሚፈልግ ተማሪ በከንቱ ይደክማል።

ዘመድ የሚመስል ጠላትም አለ። ስብሰባ ላይ መገኘት፣ «ተርን አፕ»፣ በእንግሊዝኛ «አቴንድ» የሚል የቅርብ ቃል አለው። ፈረንሳይኛው «አታንድር» ደግሞ መጠበቅ ነው። ስብሰባውን ተገኘሁበት ሊል የፈለገ ሰው ስብሰባውን ጠበቅሁት ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው «አሲስቴ አ» ነው።

ፈረንሳይኛ ከግሱ ኋላ ጭራ ባይኖረውም ከፊቱ የሚቀጥላቸው ባዕድ መነሻዎች አሉት። የእንግሊዝኛ «ባክ» ብዙ ጊዜ በመነሻዋ «ረ» ትመለሳለች፤ «ካም ባክ» «ረቭኒር»፣ «ፑት ባክ» «ረሜትር»፣ «ኮል ባክ» «ራፕሌ»። «አዌይ» ደግሞ «አን» ሆና ትመጣለች፤ «ራን አዌይ» «ሳንፍዊር»፣ «ፍላይ አዌይ» «ሳንቮሌ»። «ቴክ አዌይ» ላይ መጠንቀቅ ነው፤ ዕቃ ከሆነ «አንፖርቴ»፣ ሰው ከሆነ «አንምኔ» ይባላል። ቡናን በጽዋ «አንፖርቴ» ያደርጉታል፤ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ግን «አንምኔ»።

ወደ ሐጂ ደብዳቤ እንመለስ። አንድ ሐረጋዊ ግስ ብዙ ትርጉም ሲኖረው መልሱ ያለው ግሱ ውስጥ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ውስጥ ነው። «ቴክ ኦፍ» ከሸሚዝ ጋር ሲመጣ ማውለቅ ነው፣ «አንልቬ»፤ ከአውሮፕላን ጋር ሲመጣ መነሣት ነው፣ «ዴኮሌ»፤ ቃሉ ሲፈታ ከተጣበቁበት መላቀቅ ማለት ነው። «ተርን ዳውን» ከሬዲዮ ጋር ድምፅ መቀነስ ነው፣ «ቤሴ»፤ ከቀረበ ዋጋ ጋር እምቢ ማለት ነው፣ «ረፊዩዜ»። «ሜክ አፕ» ከሁሉም ይበዛል፤ ታሪክ ከሆነ መፍጠር፣ የባከነ ጊዜ ከሆነ ማካካስ፣ የተጣሉ ሰዎች ከሆኑ መታረቅ፣ ፊት ከሆነ መኳኳል። ፈረንሳይኛው ለአራቱም ፍጹም የማይዛመዱ አራት ቃላት አሉት፤ «ኤንቫንቴ»፣ «ራትራፔ»፣ «ሰ ሬኮንሲሊዬ»፣ «ሰ ማኪዬ»። እኛም አራት ቃላት አሉን። አማርኛውን ሳይመርጡ ፈረንሳይኛውን መምረጥ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

የሐጂ ተርጓሚ «ሄልድ አፕ»ን ያየው ብቻውን ነው። ከዚያው ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ይናገራል። «ፎር ቱ ዴይስ» የሚልም አለ። ማንም ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አይዘረፍም። ዛሬ የኮምፒውተር ትርጉም ከቀድሞው በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ሙሉውን ደብዳቤ ከሰጡት ይህን ፍንጭ ሊያገኘው ይችላል። አንዷን ሐረግ ብቻ ቆርጦ ለሚሰጠው ሰው ግን እሱም እንደ መዝገበ ቃላቱ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚያነሣለት።

ሐጂን ስለ መኪናው ጠየቅኋቸው። «ጊቤ ላይ ሁለት ቀን ቆመ» አሉኝ። «ቆመ» የሚለውን ይዤ ሄድኩ። «ረታርዴ»፣ ማዘግየት፣ ትክክል ነው፤ ግን መኪናው ቀስ እያለ የተጓዘም ሊመስል ይችላል። «ኢሞቢሊዜ» መረጥኩ፣ ከቦታው መንቀሳቀስ እስኪያቅተው መቆም፤ ሁለቱን ቀንና ዝናቡን አስከተልኩለት። «ፕራይስስ ሃቭ ጎን አፕ» የሚልም ነበረበት፤ «ዋጋ ጨምሯል» ብዬ ካነበብኩላቸው በኋላ «ኦግማንቴ» ጻፍኩ።

የመጨረሻው መስመር «ፕሊዝ ቤር ዊዝ አስ» ይላል። ተርጓሚው እዚህ ላይ «ቤር»ን መሸከም፣ «ዊዝ»ን ጋር አድርጎ ከእኛ ጋር ተሸከሙ የሚል ነገር ጽፎ ነበር። ሐጂን ምን ማለት እንደፈለጉ ስጠይቃቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ትንሽ ይታገሡን በለው» አሉኝ። መታገሥ በፈረንሳይኛ «ፓሲያንቴ» ነው፣ አንድ ቃል። «ኑ ቩ ፕሪዮን ደ ቢያን ቩልዋር ፓሲያንቴ» ብዬ ጻፍኩት፤ እንዲታገሡን በትሕትና እንለምናለን። ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ድምፁን ብቻ ሰሙ፣ ከዚያ በአማርኛ መለስኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ለመድረስ ተነሡ።